በአንድ ቁና ስፈሩ

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ቡናው ቶና ላይ ደርሶ ሳለ ላፕቶፕሽን ከፍተሽ ያሳየሽኝ ነገር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባሉት ከተሞች የተከላችኋቸው ትንንሽ መሣሪያዎች ሰው ሳይነካቸው በየሰዓቱ ኔትወርኩን ለክተው ውጤቱን ራሳቸው ይልካሉ አልሽኝ። በእኛ ዘመን አንዲት የስልክ መስመር ለመለካት መሰላል ተሸክመን ፀሐይ ላይ እንውል ነበርና፣ ስሰማው ተመስገን አልኩ። ወዲያው ግን ፊትሽ ቅጭም አለ። “ጋሼ፣ ቁጥሩማ ሞልቷል፤ የአንዱ ከተማ ከሌላው አልደመር አለኝ እንጂ” አልሽ። የሞጆው ፋይል አንድ መልክ፣ የመቂው ሌላ መልክ፣ የባቱው ደግሞ ሦስተኛ መልክ ይዞ መጥቶ፣ ማስታረቁ ከመለካቱ በላይ እንቅልፍ አሳጥቶሻል።

ያን ዕለት እንግዳ ስለነበረ ዝም አልኩ። መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ ይባላልና፣ ለአንቺም ለጓደኞችሽም እንዲሆን ብዬ ምክሬን እነሆ ጻፍኩት። እናንተ ኮምፒዩተር ላይ የምትጽፉትን ቋንቋ አላውቅም። መለካትን ግን አውቃለሁ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ እንጀራዬ ነበር። የምነግርሽም አንድ ነገር ነው፦ ቁጥር ብቻውን ምስክር አይሆንም። ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደተለካ፣ በምን እንደተሰፈረ አብሮ ካልተናገረ፣ ሸንጎ ፊት ቀርቦ ስሙን እንኳ መናገር እንዳቃተው እማኝ ነው።

አባቴ አዳማ ገበያ እህል ነጋዴ ነበር። ከመቂ፣ ከዓለም ጤና፣ ከአርሲ በኩል የሚመጣው ጤፍና ቦሎቄ በእጁ ያልፋል። ጠብ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ በእህሉ ጥራት ሳይሆን በቁናው ነበር። የአንዱ ቁና ሰፊ ነው፣ የሌላው ጠባብ፤ አንዱ ከጠርዙ እኩል ይሰፍራል፣ ሌላው ከምሮ ይሰፍራል። ሁለቱም “አምስት ቁና ነው” ብለው ሲምሉ ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ እህሉ ግን እኩል አይመጣም። ዳውላውም እንዲሁ እንደየአገሩ ይለያይ ነበር። አባቴ ታዲያ ከአዲስ ሰው ጋር ሲገበያይ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት “እስቲ መጀመሪያ ቁናህን አሳየኝ” ይል ነበር። በልጅነቴ ይህ ንፍገት ይመስለኝ ነበር። የጠብ መከላከያ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርምና፣ ሰው የሚሰፍርበትን ሲያሳይ ነገ የሚሰፈርበትንም አሳየ ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት ሲጀምር ይህንኑ የአባቴን ጥያቄ በአገር ደረጃ መመለሱ ነበር። ምርቱ መጋዘን ሲገባ ይመዘናል፣ ናሙናው ይታያል፣ ደረጃ ይሰጠዋል። ከዚያ ወዲያ አዲስ አበባ የተቀመጠ ገዢ ጆንያውን ሳይዳብስ ይገዛል። ሻጭና ገዢ አይተዋወቁም፤ ደረጃው ምን ማለት እንደሆነ ግን አስቀድሞ ተጽፏል፤ እምነታቸውም እዚያ ላይ ነው። የእናንተም ቁጥር እንዲህ ያለ መጋዘን ያስፈልገዋል።

ከአዳማ ወጣ ብለሽ ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩትን የነፋስ ተርባይኖችም ተመልከቺ። አዳማ አንድ 34፣ አዳማ ሁለት 102 ተርባይኖች አሏቸው፤ የእያንዳንዱ አቅም 1.5 ሜጋ ዋት ነው። አንድ ላይ 204 ሜጋ ዋት ብለን ደፍረን የምንጠራው መቶ ሠላሳ ስድስቱም በአንድ አሃድ ስለሚናገሩ ነው። ግማሾቹ በዋት፣ ግማሾቹ በፈረስ ጉልበት ቢናገሩ ነፋሱ ያው ነፋስ ሆኖ ድምሩ ይጠፋ ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያሉት ሰዎች ክሩ ሁሉ በአንድ በኩል ሲፈተል አይተው ነው።

እንግዲህ ከአሃዱ ልጀምር። የሞጆው መሣሪያ 40 አለ፣ የመቂው 5 አለ። አለቃሽም “መቂ ምን ነካት?” ብሎ ሊቆጣ ደርሶ ነበር። ስታጣሪው አንደኛው በሰከንድ ሜጋቢት፣ ሁለተኛው በሰከንድ ሜጋባይት ኖሯል። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነውና አምስቱም አርባ ነው። መቂን ያለ ጥፋቷ በስምንት እጥፍ አኮሰሳችኋት። ይህ የእናንተ ብቻ ስንፍና እንዳይመስልሽ። በመስከረም 1992 ዓ.ም. የአሜሪካው ናሳ ወደ ማርስ የላካት መንኮራኩር በዚሁ ነገር ጠፍታለች። አንዱ ሶፍትዌር የግፊቱን መጠን በእንግሊዞቹ የፓውንድ ልክ አስልቶ ሰጠ፤ የተቀበለው ወገን ደግሞ በኒውተን የተሰላ መስሎት ተጠቀመበት። በሁለቱ መካከል አራት እጥፍ ተኩል የሚጠጋ ልዩነት አለ። ወራት ተጉዛ ማርስ ደጃፍ ስትደርስ ከታሰበው በታች ወርዳ በዚያው ቀረች። ሒሳቡን የሠሩት ሰዎች በእውቀት አይታሙም፤ ቁና ሳይተያዩ ተገበያዩ እንጂ።

ምክሬ ይህ ነው፦ አሃዱን በሰው ትዝታ ላይ አትተዉት፤ የዓምዱ ስም ራሱ ይናገረው። አይፐርፍ 3 የምትሉት መሞከሪያ ውጤቱን በጄሶን የፋይል ቅርጽ ሲጽፍ ፍጥነቱን “ቢት በሰከንድ” በሚል ስም እንደሚያስቀምጥ አሳይተሽኝ የለ? እንደዚያ ነው። ፋይሉ ውስጥ ፍጥነቱ ሁልጊዜ በቢት፣ መዘግየቱ ሁልጊዜ በሚሊ ሰከንድ ይቀመጥ። “ሜጋ” እና “ጊጋ” የምትሉትን ለአለቃ ስታሳዩ ያን ጊዜ ጨምሩት።

ከአሃዱ ይልቅ እኛን ኢትዮጵያውያንን አጥምዶ የሚጥለን ግን ሰዓቱ ነው። ኔትወርኩ የደከመበትን ሰዓት የሻሸመኔው ልጅ በእጁ “ማታ 2፡00” ብሎ መዘገበ። የአዳማው ኮምፒዩተር 20፡00 አለ። የባቱው መሣሪያ 17፡00 አለ። አንቺም ኔትወርኩ በቀን ሦስት ጊዜ የሚያመው መስሎሽ ሦስት ምክንያት ስትፈልጊ ሰነበትሽ። ልጄ፣ ሦስቱም አንዲት ቅጽበት ናቸው። የእኛ ቆጠራ የሚነሣው ፀሐይ ከምትገባበት ነው፤ የኮምፒዩተሩ ከእኩለ ሌሊት፤ የባቱው ደግሞ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው የተናገረው። ሰው ሁሉ ከሥራ ገብቶ፣ እራቱን በልቶ፣ ቪዲዮ የሚከፍትባት ያቺ ሰዓት ናት። በሽታው አንድ፣ ስሙ ሦስት።

ቀኑም ከሰዓቱ አይሻልም። በእኛና በፈረንጆቹ ዘመን መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ። ጳጉሜ አምስት ወይም ስድስት ቀን ይዛ ስትመጣ ማረፊያ ያላዘጋጀላት ፋይል ወይ ይጥላታል ወይ ከመስከረም ይቀላቅላታል። “3/4” ተብሎ የተጻፈ ቀንም ሦስተኛው ወር ይሁን አራተኛው የሚያውቀው የጻፈው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እስኪረሳ ድረስ።

ይህን ስል የራሳችንን ሰዓትና ዘመን ጣሉ ማለቴ አይደለም። ጓዳው አንድ ሥርዓት፣ እልፍኙ ሌላ ሥርዓት ይኑረው ማለቴ ነው። ጓዳው ፋይሉ ነው፤ እዚያ ጊዜው ሁሉ በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ዓመቱ ቀድሞ፣ ወሩ ተከትሎ፣ ከዚያ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፍ። አይኤስኦ 8601 የተባለው ደረጃ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚለው ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው። እንዲህ የተጻፈ ጊዜ በፊደል ተራ ሲደረደር በራሱ በጊዜ ተራ ይደረደራል። እልፍኙ ሰው የሚያየው ገጽ ነው፤ እዚያ “ማታ 2 ሰዓት፣ ኅዳር 12” ብላችሁ በእኛ ቋንቋ አሳዩ። አንድ ነገር ልጨምርልሽ። መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዳንዱ መሣሪያ ሰዓቱ ተሳስቶ ይነቃል። እንቅልፋም ምስክር ያየበትን ቀን ያሳስታልና፣ ሰዓቱን ከኔትወርኩ ሳያስተካክል መለካት እንዳይጀምር ከልክሉት።

ስለ ቦታ ደግሞ ስሚኝ። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ይባላል። እዚህ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ግን አንዱ ቤት ሁለት ስም ያወጣል፣ ጎረቤቱም የፈቀደውን ይከተላል። አንዱ ፋይል አዳማ ይላል፣ ሌላው ናዝሬት። አንዱ ባቱ፣ ሌላው ዝዋይ። አንዱ ቢሾፍቱ፣ ሌላው ደብረ ዘይት። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ይብሳል፤ በቁቤ አናባቢው ይደጋገማል፣ በእንግሊዝኛው ልማድ አይደጋገምም። ለእኔና ለአንቺ አንድ የሆነችው ከተማ ለኮምፒዩተሩ አምስት ከተማ ሆና ቁጭ ትላለች፤ ቁጥሯም አምስት ቦታ ይበታተናል። በስሞቹ መካከል ዳኛ ልሆን አልፈልግም፤ እያንዳንዱ ስም ባለቤትና ታሪክ አለው። ለመሣሪያው ግን የማይለወጥ አንድ መለያ ስጡት፤ የከተማው ስም በማንኛውም ቋንቋ ከላይ ይለጠፍበት።

ካርታ ላይ የሚውለውንም ነጥብ ጻፉ፤ ግን ቅደም ተከተሉን ተስማሙበት። አዳማ በግምት በሰሜን ኬክሮስ 8.54፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 39.27 ላይ ናት። ሰው በልማድ ኬክሮሱን ያስቀድማል፤ ጂኦጄሶን የተባለው የፋይል ቅርጽ ደግሞ ኬንትሮሱን ያስቀድማል። ሁለቱን ቁጥሮች ብታገላብጫቸው የት እንደምትገኚ ታውቂያለሽ? ጣሊያን አገር፣ ሰርዲኒያ ደሴት ላይ! የአዳማ ደንበኛ ሲያማርር ጥገናው ሜዲትራንያን ባሕር መሐል ይፈለጋል ማለት ነው። ሳቂ፣ ግን አትርሺው።

በቅሎን “አባትሽ ማነው?” ቢሏት “ፈረስ አጎቴ ነው” አለች። አባቱን የሚደብቅ ቁጥርም እንዲሁ ነው። “መዘግየት 60 ሚሊ ሰከንድ” ብሎ ይመጣል። ወዴት ደርሶ ሲመለስ? ብርሃን በፋይበር ውስጥ በአንድ ሚሊ ሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዳማ አዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ቢሆን ደርሶ ለመመለስ አንድ ሚሊ ሰከንድ ይበቃዋል፤ የቀረው መንገድ ላይ የሚያስቆመው ነው። ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ የአውሮፓ ሰርቨር ከሆነ ግን ምንም ሳያስቆመው ስልሳው ያልቃል። አንዱ 60 በሽታ ነው፣ ሌላው 60 ጤና። በባዶ ቁጥር ሁለቱን መለየት አይቻልም።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ውጤት ጋር የልደት ምስክር ወረቀቱ አብሮ ይጓዝ። የትኛው መሞከሪያ፣ ስንተኛው እትም፤ ወደ የትኛው ሰርቨር፤ በኬብል፣ በዋይፋይ ወይስ በሞባይል ዳታ፤ በአንድ ግንኙነት ወይስ በብዙ ግንኙነት በአንድ ጊዜ፤ ለስንት ሰከንድ፤ መሄጃው ብቻ ወይስ ደርሶ መልሱ። ይህ ሁሉ ሲጻፍ ፋይሉ ይወፍራል ብለሽ አትስጊ። የወፈረ ፋይል ቦታ ይፈጃል፤ የከሳ ፋይል ግን ዕድሜ ይፈጃል።

ደግሞ የሰውን ቁና ሳታዩ የራሳችሁን ለመስፋት አትቸኩሉ። የኢንተርኔትን ደንብ የሚያወጣው አይኢቲኤፍ በ1998 እ.ኤ.አ. አርኤፍሲ 2330 በተባለው ሰነዱ የኔትወርክ ልኬት እንዴት እንደሚተረጎም መሠረት ጣለ። በ2015 እ.ኤ.አ. በአርኤፍሲ 7594 እንደ እናንተ ብዙ ቦታ ለሚለካ ሰው ሥራውን ለሦስት ከፈለለት፦ የሚለካው፣ የሚያዘው፣ የሚሰበስበው። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአርኤፍሲ 8911 እና 8912 የልኬቶች መዝገብ አቆመ፤ እያንዳንዱ ልኬት የራሱ ስምና ቁጥር ኖሮት “የትኛው መዘግየት?” ለሚል ሰው በጣት እንዲጠቆምለት። ኤም ላብ የተባለውም ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሰበሰበውን ልኬት ለሁሉም ክፍት አድርጎ ያኖራል። ከእነዚህ የሚስማማችሁን ውሰዱ። ሞኝ በራሱ እሾህ፣ ብልህ በሰው እሾህ ይማራል።

አሁን ወደ ባቱ ልውሰድሽ፤ ዓሣን መብላት በብልሃት የሚባለው እዚያ ሐይቅ ዳር ይሠራልና። የባቱው መሣሪያ በአንድ ምሽት አሥር ጊዜ ሞከረ እንበል። ስድስቱ ተሳካለት፤ ሁሉም 20 ሜጋቢት ሆነ። አራቱ አልተሳካም። አንደኛው ስክሪፕት ያልተሳካውን ባዶ ትቶ አማካዩን ሲያወጣ 20 አለ። ሌላው ያልተሳካውን ዜሮ አድርጎ ሲያሰላ 12 አለ። የትኛው ዋሸ? ሁለቱም እውነቱን ግማሽ ግማሽ አድርገው ተናገሩ። እውነቱ “ከአሥር ስድስቱ ተሳካ፤ ሲሳካም 20 ነው” የሚለው ነው። የባቱ ሰው የሚያማርረው በፍጥነቱ ሳይሆን በአራቱ እንደሆነ ፋይሉ ካላሳየ፣ ጠጋኙ ፍጥነት ሊጨምርለት ይሄዳል። ራስ ምታት ላለበት እግሩን እንደማሸት ነው።

ባዶም ባዶ ብቻ አይደለም። ኔትወርኩ ወድቆ ነው? ሰርቨሩ አልመለሰም? መብራት ጠፍቶ መሣሪያው ራሱ ተኝቶ ነበር? ወይስ ያን ሰዓት ሙከራ አልታቀደም ነበር? አራቱም በአንድ ባዶ ሳጥን ቢቀመጡ የመብራቱን ጥፋት በኔትወርኩ፣ የኔትወርኩን በመብራቱ ታላክካላችሁ። ዜሮ ማለት “ለካሁ፣ ምንም አላገኘሁም” ማለት ነው። ባዶ ማለት “አልለካሁም” ማለት ነው። ውድቀት ደግሞ ከነምክንያቱ የራሱ ዓምድ ይኑረው። የሚያሳፍረውን ውጤት መጻፍ የቻለ ፋይል ጥሩውን ሲናገር ይታመናል።

አማካይም ቢሆን ያታልላል። አምስት ሙከራ 30፣ 31፣ 29፣ 30 እና 2 ቢሰጥ አማካዩ 24.4 ነው፤ ከአምስቱ አንዱም ግን ሃያ አራት አላየም። መሐለኛው 30 ነው። የትኛውን እንደጻፋችሁ ካልተናገራችሁ የአንዱ ከተማ አማካይ ከሌላው መሐለኛ ጋር ተፋጥጦ ይቀራል። ለዚህ መድኃኒቱ ጥሬውን አለመጣል ነው። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል፤ ማጠቃለያው አንዱ ባላ፣ ጥሬው ልኬት ሌላው ባላ ይሁን።

ጄሶን ይሻላል ወይስ ሲኤስቪ በሚለው ክርክራችሁ ብዙ ጊዜ አታጥፉ። ጠጁ በብርሌም ይቀዳ በዋንጫ፣ ዋናው ጠጅ መሆኑ ነው። ማንም ሰው ኤክሴል ላይ ከፍቶ በእጁ እያስተካከለ መልሶ እንዳይልከው ብቻ ተጠንቀቁ። በር ላይ ደግሞ ዘበኛ አቁሙ። በአዲስ አበባ አዳማ ፍጥነት መንገድ መግቢያ ላይ ካርድ ሳይወስድ የገባ መኪና መውጫው ላይ እንደሚጨነቅ ሁሉ፣ አሃድ፣ ሰዓት ወይም መለያ የጎደለው ፋይል ገና ሲመጣ ይመለስ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ከስድስት ወር በኋላ ስህተት ከማደን ዕለቱኑ “ይህን አልቀበልም” ማለት ፍቅር ነው።

የምትስማሙበት ቅርጽ አንድ ቀን ይለወጣል፤ ይህን ከአሁኑ እወቁት። እዚህ አዳማ ሁለት ሐዲድ አለን። አሮጌው፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ነው። አዲሱ፣ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ አንድ ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ነው። የአሮጌው ፉርጎ ብረቱ ምንም ያህል ደኅና ቢሆን አዲሱ ላይ አይቆምም። አዲሱን አልነቅፍም፤ ዓለም በብዛት የሚጠቀምበት ስፋት ነው። ነገር ግን ስፋቱን የሚለውጥ ሰው ዕቃው የሚዘዋወርበትን ጣቢያ አብሮ መሥራት አለበት። ስለዚህ እያንዳንዱ ፋይል ግንባሩ ላይ የቅርጹን እትም ቁጥር ይያዝ። አዲስ ዓምድ መጨመር ይቻላል፤ የድሮውን ዓምድ ስሙን ሳይለውጡ ትርጉሙን መለወጥ ግን ክህደት ነው። አሮጌውን ወደ አዲሱ የሚያሻግር ስክሪፕት ሳይጻፍ አዲሱ አይጀመር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና፣ ዓርብ ማታ በጥድፊያ የተፈለሰፈ ቅርጽ ሰኞ ጠዋት ያዋርዳችኋል።

ማን ይወስን ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ባገርሽ ገዳ አለ። ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይተላለፋል፤ ሕጉ ግን በጉባኤ ተመክሮበት፣ በአደባባይ ተነግሮ፣ ሁሉ ሰምቶት ይጸናል። አንድ ጎበዝ ብቻውን ሌሊት ተነሥቶ አይለውጠውም። እናንተም እንዲሁ የሚለካውን፣ የሚጠግነውንና ሪፖርት የሚጽፈውን አንድ ጥላ ሥር አስቀምጣችሁ ተማከሩ። አዳማ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እያላት የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዳይባል መምህራኑንም ጥሩ። ዛሬ አገሩ ላይ ያለው አንድ ኦፕሬተር ብቻ አይደለም፤ ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን ሳፋሪኮም ከመስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ ሥራ ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ከላይ ሆኖ ዘርፉን ይቆጣጠራል። ሁሉም በየቁናው ከሰፈረ የሚጎዳው ደንበኛው ነው፤ ዝሆኖች ሲጣሉ ሣሩ እንደሚጎዳው።

ስታካፍሉም የሰው ገመና አታካፍሉ። የደንበኛ ስልክ ቁጥር፣ የቤቱ ትክክለኛ ነጥብ፣ ማን ምን እንዳየ፣ ለፍጥነት ልኬት አያስፈልግም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ ከነውርም አልፎ ሕግ ሆኗል። የማትፈልጊውን አትሰብስቢ፤ ያልሰበሰብሽውን ማንም አይሰርቅሽም።

አሁን ኑዛዜ አለኝ። ይህን ሁሉ የምመክርሽ ሳልሳሳት ቀርቼ እንዳይመስልሽ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን ተረት ከልቤ አምኜ፣ መስመር ላይ በሠራሁባቸው ዓመታት የለካሁትን ሁሉ በደብተር እጽፍ ነበር። አንቺ ባለፈው ከሄድሽ በኋላ ሳጥኔን ከፍቼ አወጣሁት። “ማክሰኞ፣ ሦስተኛው መስመር፣ 40። ረቡዕ፣ 38። ሐሙስ ከዝናብ በኋላ፣ 12።” እንዲህ እያለ ገጽ በገጽ ይሄዳል። ጽሑፉ የእኔ ነው፣ ቀለሙም አልለቀቀም። ግን አርባው ኦም ነው ወይስ ሜጋኦም? ሜገር በተባለው መለኪያ ነው የለካሁት ወይስ በሌላ? ሦስተኛው መስመር ከየትኛው ጫፍ? ማክሰኞው የየትኛው ዓመት ማክሰኞ ነው? መሰላሉን ይዞልኝ የነበረው ጓደኛዬ አፈር ከቀመሰ ቆየ፤ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ዝናቡ ትዝ ይለኛል፣ የረጠበው ምሰሶ ሽታ ትዝ ይለኛል፣ አሥራ ሁለቱ ግን ምን እንደነበረ አላውቅም።

ልጄ፣ ጽፌ ነበር፤ አላወረስኩም። ተረቱ የተወው ነገር ይህ ነው። በጽሑፍ ያለ የሚወረሰው ከነቁናው ሲጻፍ ብቻ ነው።

ደብተሩን እሑድ ስትመጪ ውሰጂው። ቢሯችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው። አዲስ የተቀጠረ ልጅ መጥቶ “ለአንድ ቁጥር ይህ ሁሉ ዓምድ ምን ያደርጋል?” ሲልሽ አትከራከሪው፤ አንዱን ገጽ ገልጠሽ “እስቲ ይህን ደምርልኝ” በይው።

በይ፣ ቁናሽን የታመነ ያድርግልሽ። የለካሽው አይጥፋብሽ፣ የጻፍሽው አያስቸግርሽ። ከአንቺ በኋላ የሚመጣው ሰው፣ ስምሽን ባያውቅ እንኳ፣ ፋይልሽን ከፍቶ “ይህን የጻፈ ሰው ይባረክ” ይበልሽ። አሜን።